ቦሌ ልናርፍ ስንል ለምን ይዘጋል? ፍላይት ሲሙሌተርና የግራፊክስ ሜሞሪ

ከዱባይ ተነስታችሁ አራት ሰዓት ገደማ በርራችኋል። ጎማ ወርዷል፣ ፍላፕ ተከፍቷል፣ የቦሌ ማኮብኮቢያ መብራት ፊት ለፊት ይታያል። ከምዕራብ ወደ 07 እየገባችሁ ስለሆነ መሐል ከተማው በግራ በኩል ነው። ካዛንቺስን ልያት ብላችሁ ካሜራውን ወደ ግራ ስታዞሩ ስክሪኑ ደረቀ። የሞተሩ ድምፅ አንድ ቦታ ተጣብቆ ጮኸ። ከዚያ በቃ፣ ሲሙሌተሩ የለም፣ ዴስክቶፕ ላይ ናችሁ። ብዙ ጊዜ የስህተት መልእክት እንኳን ትቶ አይሄድም።

ይህን ለሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ ብትነግሩት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። "ፎርማት እናድርገው"፣ "ራም ይጨመርበት"፣ አለዚያም "ካርዱ ይቀየር"። ሦስቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፣ ሦስቱም ችግሩ ሳይታይ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። እንዲህ ማረፊያ ላይ የሚመጣ መዘጋት በብዛት የሚነሳው ከግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ፣ በአጭሩ ቪራም ከሚባለው ነው። እሱን ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በነፃ፣ በአምስት ደቂቃ ማየት ይችላል።

የብሩ ነገር ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግራፊክስ ካርድ እዚህ አይመረትም፤ ሁሉም በዶላር የሚመጣ ነው። ድሮ "እስቲ ልሞክረው" ተብሎ የሚገዛ ካርድ ዛሬ ለብዙ ወጣት የወራት ደመወዝ ነው። ገዝቶ አስገብቶ ችግሩ እዚያው ቢቀጥልስ?

"ለጌም ይህ ሁሉ?" የሚል አይጠፋም። ቦሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሰልጠኛ ያሉት የአብራሪ ሲሙሌተሮች የሚንቀሳቀስ እግር ላይ የቆሙ ሙሉ ኮክፒቶች ናቸው። ቤት ያለ ላፕቶፕ ከነሱ ጋር አይወዳደርም፣ ቤት ውስጥ "የበረራችሁት" ሰዓትም እንደ በረራ ሰዓት አይቆጠርላችሁም። ግን ቼክሊስት ለመልመድ፣ አይኤልኤስ እንዴት ወደ ማኮብኮቢያ እንደሚመራ ለመረዳት፣ ማሰልጠኛ ለመግባት የሚያልም ልጅ ኮክፒት ምን እንደሚመስል እንዲያውቅ፣ እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ይኸው ነው። ስለዚህ ነገሩን በቁም ነገር እንየው።

ቪራም ራም አይደለም

አንድ ምግብ ቤት አስቡ። ወጥ ሰሪዋ ፊት ለፊት ጠረጴዛ አለ፤ ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም፣ ቅቤውም እጇ የሚደርስበት። ከግቢው ማዶ ደግሞ ትልቅ መጋዘን አለ። ጠረጴዛው ቪራም ነው፣ መጋዘኑ ራም ነው። መጋዘኑን እጥፍ ብታደርጉት ጠረጴዛው አይሰፋም። ጠረጴዛው ከሞላ ወጥ ሰሪዋ ለእያንዳንዷ ጭልፋ ቅቤ ግቢውን መሻገር አለባት። ምግቡ ይደርሳል፣ ግን መቼ?

በቁጥር እንየው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ካርድ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ እስከ 360 ጊጋባይት ያነባል። ያው ካርድ ከኮምፒውተሩ ራም ሲበደር የሚያልፍበት መንገድ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ማስገቢያ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 ቢሆን እንኳን በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 32 ጊጋባይት ገደማ ነው። የድሮው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ደግሞ የዚህ ግማሽ። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ለዚህ ነው ቪራም ሲያልቅ ሲሙሌተሩ ወዲያው ከመዘጋቱ በፊት መጀመሪያ እንደ ኤሊ የሚሄደው።

ሌላው ነገር ቪራም ካርዱ ላይ የተበየደ ነው። እንደ ራም ተነቅሎ ትልቅ አይተካበትም። 4 ጊጋ ይዞ የመጣ ካርድ በ4 ጊጋ ነው የሚኖረው።

ይህን ጠረጴዛ ማን ይሞላዋል? ከሁሉ በላይ ቴክስቸር። ቴክስቸር ማለት የነገሮች ገጽ ላይ የሚለጠፈው ስዕል ነው፤ የአውሮፕላኑ ቀለም፣ የኮክፒቱ ቁልፎች ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የመቀመጫው ቆዳ፣ የአስፋልቱ ስንጥቅ ሳይቀር። አንድ 4ኬ ቴክስቸር 4096 በ4096 ነጥብ ነው፤ ወደ 16.8 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ሳይታመቅ በነጥብ 4 ባይት ሲሆን 64 ሜጋባይት ይይዛል። በተለመደው መንገድ ታምቆ 16 ሜጋ ይሆናል፣ ከሩቅ ሲታይ የሚያገለግሉት ትንንሽ ቅጂዎቹ ሲጨመሩ 21 ሜጋ ገደማ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ጥሩ ተደርጎ የተሠራ አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን እንደዚህ ያለ ቴክስቸር 60 ቢኖረው 1.3 ጊጋ ገደማ ሄደ። ይህ ገና አውሮፕላኑ ብቻ ነው። በ8ኬ የተሠራ ቀለም ካስገባችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ስዕል አራት እጥፍ ነው፤ 85 ሜጋ።

እዚህ ላይ መሬቱን፣ ህንፃዎቹን፣ ኤርፖርቱን፣ ቆመው ያሉትን ሌሎች አውሮፕላኖች፣ ጥላውን፣ ደመናውን ጨምሩ። ዊንዶውስ ራሱ ትንሽ ይወስዳል። ከኋላ ዩቲዩብ የተከፈተበት ክሮምም ይወስዳል፤ እሱን ብዙ ሰው አይቆጥረውም።

ለምን ልክ ልናርፍ ስንል?

በ37 ሺህ ጫማ ላይ ስትሆኑ መሬቱ ሩቅ ነው። ሲሙሌተሩ ለሩቅ ነገር ትንሽ ስዕል ይበቃዋል፣ ህንፃ መሳልም አያስፈልገውም። ቪራሙ ተንፍሶ ይቀመጣል። መውረድ ስትጀምሩ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ይመጣል። ከተማው በዝርዝር መጫን አለበት፣ ኤርፖርቱ ከነተርሚናሉ፣ ከነመኪናው መጫን አለበት፣ የክረምት ደመና ካለ እሱም። የኋላው ከተማ ደግሞ ወዲያው አይለቅም። በዚያ ላይ አንዳንድ ተጨማሪ ፕሮግራሞች የያዙትን ሜሞሪ በአግባቡ ስለማይመልሱ አራት ሰዓት ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ሲጠራቀም ይቆያል። ማረፊያው ላይ ሂሳቡ ይወራረዳል።

አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ቤት ጥግግቱ ብዙ ነው። ቂርቆስን ብቻ ብትወስዱ ከመስቀል አደባባይ እስከ ጎተራ፣ ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ መንገድ ድረስ ፎቅና ቆርቆሮ ቤት ተደባልቆ የተቀመጠበት ነው። ሲሙሌተሩ ሁሉንም መሳል ይሞክራል። በነገራችን ላይ የሳተላይት ፎቶ ከመሬቱ ለውጥ ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ በ2017 መጀመሪያ የፈረሰው የካዛንቺስ ሰፈር የድሮ ፎቶ ባለበት ሲሙሌተር ውስጥ አሁንም ከነጣሪያው ቆሞ ይታያል። እዚያ ያደገ ሰው ካሜራውን ወደ ግራ ማዞሩ አይገርምም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም

ትልልቆቹ ልጆች ኤፍኤስኤክስን ያስታውሱታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ይህ ሲሙሌተር ባለ 32 ቢት ነበር። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሊቆጥረው የሚችለው አድራሻ 4 ጊጋባይት ላይ ያበቃል፤ ኮምፒውተሩ 16 ጊጋ ራም ቢኖረውም ጥቅም የለውም። ሲያልቅ "አውት ኦፍ ሜሞሪ" ብሎ ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት የዊንዶውስ "ዲንግ" የሚል ድምፅ ደጋግሞ የሚያሰማቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያ ድምፅ የመጣው ኤፍኤስዩአይፒሲ የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ስለሚያስጠነቅቅ ነው። ማኮብኮቢያው ፊታችሁ ሆኖ ዲንግ፣ ዲንግ ሲል እጅ ያልባል።

ያ ጣሪያ ፕሮግራሞቹ ወደ 64 ቢት ሲሄዱ ተነሳ። ኤክስፕሌን ቀደም ብሎ ሄደ፣ ፕሪፔርድ እ.ኤ.አ. በ2017 በአራተኛ ዕትሙ ተከተለ። ጣሪያው ከራም ላይ ሲነሳ ግን ስዕሉ አደገ፣ ጥበቱ ወደ ካርዱ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤክስፕሌን 11.50 ቩልካን ወደሚባለው አሠራር ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ተቀየረ። ቀድሞ ቪራም ሲሞላ ምን ወጥቶ ምን እንደሚገባ የሚወስነው የካርዱ ድራይቨር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሲሙሌተሩ ራሱ ማስተዳደር ጀመረ። ጥሩ ሲሠራ ቴክስቸሩን ያደበዝዝና በረራው ይቀጥላል፤ ሳይሆንለት ሲቀር "ዲቫይስ ሎስት" ብሎ ይወድቃል። ማይክሮሶፍት 2020 ላይም ዳይሬክትኤክስ 11 እና 12 መካከል ያለው ልዩነት ተመሳሳይ ነው፤ 12 በብዛት ተጨማሪ ቪራም ይፈልጋል።

ፍላጎቱ እንዴት እንዳደገ ለማየት ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣውን መስፈርት ብቻ ማየት ይበቃል። የ2020ው ሲሙሌተር ዝቅተኛው 2 ጊጋ ቪራም፣ የሚመከረው 4፣ ምርጥ የተባለው 8 ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 የወጣው አዲሱ ዝቅተኛው 4፣ የሚመከረው 8፣ ምርጡ 12 ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ "የሚመከር" የነበረው 4 ጊጋ "ዝቅተኛ" ሆነ ማለት ነው። አዲሱ ሲሙሌተር ሲጫን 50 ጊጋ ብቻ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ቀሪውን በበረራ ላይ ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚሄደው፤ የጥቅል ሂሳብ ለሚከፍል ሰው ይህ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ሻጩ የሚያሳያችሁ ቁጥር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብር የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ።

እኔ ራሴ ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ "8 ጊጋ ግራፊክስ ነው" ተባልኩ። ሻጩ ዊንዶውስ ላይ ከፍቶ አሳየኝ፤ እውነትም 8 ይላል። ቤት ገብቼ ስፈትሸው ካርዱ 4 ጊጋ ነው። የቀረው 4 ከራሙ የተቆጠረ ነው። ሻጩ ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ውሸት አልነበረም፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት።

ዊንዶውስ ካርዱ በችግር ጊዜ እንዲበደር የራሙን ግማሽ ያህል ይፈቅዳል። ይህ "ሼርድ" የሚባለው ነው። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ደግሞ "ዴዲኬትድ" ይባላል። ሁለቱን ደምሮ "ቶታል" ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ 4 ጊጋ ካርድና 16 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ "12 ጊጋ ግራፊክስ" ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። የግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ኢንቴል ዩኤችዲ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዴዲኬትዱ 128 ሜጋ ብቻ ነው፤ ቶታሉ ግን ጊጋዎች ያሳያል።

ከመክፈላችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ከዚያ ጂፒዩ የሚለውን ንኩ። ከታች "ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ" የሚል አለ። ከዘንባባዋ በስተቀኝ ያለው ቁጥር ጠቅላላው ነው። እሱ ነው ጠረጴዛው። ሌላውን እርሱት።

ሁለተኛው ማታለያ ከዚህ የከፋ ነው። የድሮ ካርድ፣ ለምሳሌ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ፣ ውስጡ ያለው መለያ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ተደርጎ በዓለም ገበያ ሲሸጥ ቆይቷል። ዊንዶውስ በዚህ ይታለላል። ጂፒዩዜድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ቺፑን ራሱን አይቶ ከስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ይጽፍባቸዋል። ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፣ በፍላሽ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። "አይፈተሽም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እሱም መልስ ነው።

ደግሞ ፋብሪካው ራሱ የሚጽፈው ቁጥርም አንዳንዴ ይመረመራል። ኢንቪዲያ 4 ጊጋ ብሎ የሸጠው ጂቲኤክስ 970 የመጨረሻዋ ግማሽ ጊጋ ከቀሪው በጣም ቀርፋፋ ሆና ተገኘች። ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ለገዢዎች በካርድ 30 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህ ካርድ ነው እንግዲህ ለአዲሱ ሲሙሌተር ዝቅተኛ ተብሎ የተጠቀሰው።

አሁን በረራ ላይ እንየው

ታስክ ማናጀሩን ክፍት ትታችሁ ሲሙሌተሩን አስነሱ። ዴዲኬትዱ ለምሳሌ 3.8 ከ4.0 ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ ሼርዱ ደግሞ እየጨመረ ከሄደ፣ መልሱን አገኛችሁ። ጠረጴዛው ሞልቶ ግቢ መሻገር ተጀምሯል። ዴዲኬትዱ ገና ግማሽ ላይ ሆኖ ከተዘጋ ግን ችግሩ ቪራም አይደለም፤ ካርድ ለመግዛት አትሩጡ። ማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ላይ ደቨሎፐር ሞድን ከፍታችሁ ኤፍፒኤስ እንዲታይ ብታደርጉ ቪራሙን እዚያው ስክሪን ላይ ያሳያችኋል።

ላፕቶፕ ያላችሁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እዩ። ታስክ ማናጀሩ ላይ ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 የሚሉ ሁለት ካሉ አንዱ የኢንቴል ነው፣ ሌላው ካርዱ። ሲሙሌተሩ በኢንቴሉ እየሠራ ካርዱ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለ! ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ገብታችሁ ሲሙሌተሩን "ሃይ ፐርፎርማንስ" አድርጉት። በነፃ ካርድ እንደማግኘት ነው።

ከተዘጋ በኋላም ዱካ አለ። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ሞቷል ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ዴስክቶፑ ይመለሳል፣ ሲሙሌተሩ ግን መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነጥቆ ይወድቃል። ይህ ሲሆን ኢቨንት ቪወር ውስጥ፣ ሲስተም በሚለው ሥር፣ ቁጥር 4101 ሆኖ "ዲስፕሌይ ድራይቨር" የሚል መዝገብ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ቪራም መጨናነቅ አንዱ መንስኤ ነው፤ የተበላሸ ድራይቨርና ከመጠን በላይ የተገፋ ካርድም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኤክስፕሌን ደግሞ "ሎግ" የሚል የጽሑፍ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ይተዋል። ሲሙሌተሩን መልሳችሁ ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉት፤ እንደገና ስትከፍቱ የድሮውን ይሽረዋል።

ምን ይቀነስ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀንሰው ደመናና ትራፊክ ነው። ደመና የካርዱን ጉልበት ነው የሚበላው፣ የሌሎች አውሮፕላን ትራፊክ በዋናነት ፕሮሰሰሩን። ቪራም ለማትረፍ ከሁሉ በፊት ቴክስቸር ረዞሉሽን ነው። ከአልትራ ወደ ሃይ ወይም ሚዲየም አውርዱት። ልዩነቱ ዓይናችሁን ያን ያህል አይጎዳውም፤ ቁጥሩ ላይ ግን ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ የስክሪን ጥራት። 1080ፒ ላይ 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው፣ 4ኬ ላይ 8.3 ሚሊዮን። ባለ 4 ጊጋ ካርድ ይዞ 4ኬ ቴሌቪዥን ላይ መብረር በሚኒባስ ሶፋ እንደማጓጓዝ ነው። ዲኤልኤስኤስ ያለው ካርድ ከሆነ አብሩት፣ ትንሽ ያግዛል። "ፍሬም ጄኔሬሽን" ግን ራሱ ተጨማሪ ቪራም ይፈልጋል፤ ጠቦ እያለ አታብሩት። ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴይል 200 ላይ ካለ 100 አድርጉት። 2020 ላይ ያላችሁ ዳይሬክትኤክስ 11 ሞክሩ። ክሮምን ዝጉ። አውሮፕላን ስታወርዱ የ2ኬና የ4ኬ ምርጫ ካለው 2ኬውን ውሰዱ።

ኢንተርኔት እየሳበ የሚበር ሲሙሌተር ስለማያዋጣቸው ኤክስፕሌንን በኦርቶፎርኤክስፒ የሚጠቀሙ ልጆች አሉ፤ የሳተላይት ፎቶውን አንዴ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለመብረር። ጎበዝ ዘዴ ነው፣ ግን ቪራም የሚያልቅበት ጥሩ ወጥመድም አለው። ፎቶው የሚወርድበት ደረጃ ዙም ሌቭል ይባላል። 17 ላይ አንድ ነጥብ 1.2 ሜትር ገደማ መሬት ነው፣ 19 ላይ 30 ሴንቲ ሜትር። ደረጃው አንድ በጨመረ ቁጥር ስዕሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን ከ17 ወደ 19 ማለት 16 እጥፍ ነው። ሰው ደስ ብሎት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ሁሉንም በ19 ያወርድና ሃርድ ዲስኩም ቪራሙም ያልቅበታል። ቦሌ ኤርፖርት ዙሪያና የምታውቁትን ሰፈር ብቻ በ18 ወይም በ19፣ ቀሪውን በ16 አድርጉት። ከላይ ሆናችሁ የገበሬ ማሳ በ30 ሴንቲ ሜትር ማየት ምን ያደርግላችኋል?

ቪራም ሳይሆን ሲቀር

አራት ነገር በአጭሩ። አንደኛ፣ ፔጅ ፋይል። ኤስኤስዲዬ እንዳይጎዳ ብለው የሚዘጉት አሉ። ዊንዶውስ ሜሞሪ ለመስጠት ቃል ሲገባ ራሙንና ፔጅ ፋይሉን ደምሮ ነው፤ ከተዘጋ ራሙ ገና እያለ "የለም" ይላል። ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ሁለተኛ፣ ራሙ ራሱ። 8 ጊጋ ራም ያለው ሰው "ራም ይጨመርበት" ሲባል ጠጋኙ ልክ ነው፤ አዲሱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ዝቅተኛው 16 ነው። በኢንቴል ግራፊክስ ብቻ የሚበሩም ከራም መጨመር በቀጥታ ይጠቀማሉ፤ ጠረጴዛቸው መጋዘኑ ውስጥ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሰርቨር። አዲሱ ሲሙሌተር በወጣበት ቀን በዓለም ዙሪያ ሰው መግቢያው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ያን ዓይነቱ ነገር የናንተ ኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም።

አራተኛው ሙቀት ነው፣ እሱም እዚህ አገር የራሱ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሳስቷል። እውነተኛው አውሮፕላን ከቦሌ ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ የላፕቶፓችሁ ማራገቢያም የሚገፋው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ሙቀት የሚያወጣው ባነሰ አቅም ነው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትብረሩ። አቧራውን አስጠርጉ። ጠጋኙ ጋ ለዚህ መሄድ ተገቢ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚዘጋውን እዚህ ውስጥ አልቆጠርኩም።

ለመፈተሽ አራት ሰዓት መብረር አያስፈልግም። የሚከብዳችሁን አውሮፕላን ይዛችሁ ከቦሌ ተነሱ፣ በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ ላይ በ10 ሺህ ጫማ አንዴ ዙሩ፣ ተመልሳችሁ እረፉ። ሩብ ሰዓት ነው። መነሻ ላይ፣ ከተማው ላይና ማረፊያ ላይ የዴዲኬትዱን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ አንድ ሴቲንግ ብቻ ቀይራችሁ ድገሙት፤ ሁለት ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ሦስት ዙር ከበረራችሁ በኋላ ቁጥሩ አሁንም ጫፍ ላይ ከተለጠፈ ያኔ ካርድ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ያቺን የጻፋችሁባትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንት ጊጋ እንደሚጎድላችሁ እሷ ላይ አለ።